ሕፃኑም መሸኛ ያሻዋል

ሰው ለእንጀራውም ለዕውቀቱም ሲል ከተወለደበት አገር ርቆ መሄዱ በኢትዮጵያ ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ይልቁንም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በአንድ ስፍራ ተከማችቶ የሚገኝ ባለመሆኑ፥ ድጓን የሚሻ ተማሪ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን የሚሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅዳሴን የሚሻ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ሰለልኩላ፥ ቅኔን የሚሻም ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ ስንቁን ቋጥሮ ሲጓዝ ኖሯል። ዐይነ ስውር የሆነ ልጅም ቢሆን ከዚህ ጉዞ አልተከለከለም። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ነውና፥ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በጆሮው እየሰማ ከዐይናማው ጓደኛው ጋር እኩል ሲሄድ፥ አንዳንድ ጊዜም ሲቀድመው ታይቷል። ከአንዱ ደብር ተነሥቶ ወደ ሌላው ቢዛወር፥ የዜማው ስልት ቢለያይ እንኳ ቋንቋው ያው ግእዝ፥ መጽሐፉም ያው መጽሐፍ ስለ ነበረ ያወቀውን የሚያስጥለው አልነበረም።

በዛሬው ዘመን ግን ነገሩ ተገላብጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ተማሪው መምህሩን ፍለጋ መሄዱ ቀርቶ፥ አባቱ ወይም እናቱ በሥራ ዝውውር ሲሄዱ እርሱን ከመምህሩ ነጥለው ይወስዱታል። ልዩ ድጋፍ የማያሻው ልጅ ለጥቂት ወራት ይቸገርና ይለምዳል። ማየት ወይም መስማት የተሳነው፥ የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ፥ ወይም ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ትምህርቱ የቆመው በጥቂት ሰዎችና በጥቂት ዕቃዎች ላይ ስለ ሆነ፥ እነዚህ በአንድ ቀን ሲለዩት ብዙ ዓመት የተደከመበት ሥራ ይፈርሳል። ዝውውሩን የሚፈርመው ሹም ደግሞ ይህን አያይም፤ በፊቱ ያለው ወረቀት የሠራተኛውን ደረጃና ደመወዝ፥ የጓዝ ማንሻውንም ሒሳብ ብቻ የያዘ ነውና።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይገለጣል። በደሴ ከተማ የሚኖር አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በጥር ወር ወደ ነቀምቴ ተዛወረ እንበል። ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ዐይነ ስውር ልጅ አለችው። ልጂቱ በብሬል ማንበብና መጻፍ ጀምራለች። ብሬል የሚባለው ጽሕፈት ሉዊ ብራይ የተባለ ዐይነ ስውር ፈረንሳዊ በ15 ዓመት ዕድሜው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1824 ያወጣው ነው። ስድስት ነጥቦችን በማፈራረቅ 63 ምልክቶች ይገኙበታል። ልጂቱ በሰሌዳና በመውጊያ ስትጽፍ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ ትወጋና፥ ገልብጣ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቷ ታነበዋለች። ይህን ለመልመድ ለአንዲት ሕፃን ስንት ወር እንደሚፈጅ ያስተማሩ ያውቁታል።

ነቀምቴ ስትደርስ የምትገባበት ተማሪ ቤት ትምህርቱን የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሕፃናት በአፋቸው በፈቱት ቋንቋ እንዲማሩ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያዘዘው ነው፥ የነቀምቴ ልጆችም ተጠቅመውበታል። ለመጻተኛይቱ ግን ሦስት ሸክም በአንድ ቀን ይወድቅባታል። ቋንቋው አዲስ ነው። ፊደሉም አዲስ ነው፤ የአማርኛው ብሬል ግእዙን ፊደል ተነባቢና አናባቢ አድርጎ ከፍሎ ሲጽፈው፥ የአፋን ኦሮሞው የላቲንን ፊደል ይከተላልና፥ ከነጥቦቹ አንዳንዱ ድምፁን እንደ ያዘ ሲቀር ሌላው ለሌላ ድምፅ ይውላል። በአማርኛ ጽሕፈት የማይለየው የቃል መጥበቅና መላላት በቁቤ ፊደሉን በመደረብ ይለያል። ዐይናማ ልጅ ይህን ሁሉ ከግድግዳ፥ ከሱቅ ሰሌዳና ከጓደኛው ደብተር እያየ ሳያስበው ይለምደዋል፤ እርስዋ ግን የምትለምደው በጣቷ ሥር የሚያኖርላት ሰው ሲገኝ ብቻ ነው። ሦስተኛውም ሸክም መንገዱ ነው። በደሴ ከቤቷ እስከ ክፍሏ ያለውን ድንጋይና ቦይ በነጭ በትሯ ታውቀው ነበር፤ በነቀምቴ ከደጃፉ ጀምራ ትማረዋለች።

መስማት ለተሳናቸው ልጆችም ችግሩ የዚሁ ወንድም ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ራሱን የቻለ ቋንቋ ቢሆንም፥ ስሞችንና አዳዲስ ቃላትን ለመጻፍ የሚረዳው የጣት ፊደል የሚጻፈውን ቋንቋ ይከተላል። ለአማርኛው በ33 የእጅ ቅርጾችና ሰባቱን የፊደል ቤቶች በሚያሳዩ እንቅስቃሴዎች ይሠራል፤ ጽሕፈቱ ላቲን ሲሆን ይህ ሥርዓት አይሠራም። ከዚህም የሚከፋው፥ ልጁ ከሌሎች መስማት ከተሳናቸው ልጆች መካከል ወጥቶ ምልክት የሚያውቅ ሰው በሌለበት መንደር መግባቱ ነው። የሚያነጋግረው የሌለው ልጅ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ጨዋታውንም ይተዋል።

ኦቲዝም ስላለበት ልጅ ደግሞ አንዲት እናት ያደረጉትን ማስታወስ ይበቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአሜሪካ ከኖሩ በኋላ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአዲስ አበባ ግን ልጁን ተቀብሎ የሚያስተምር ተማሪ ቤት በማጣታቸው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ራሳቸው አቋቋሙ። በ2021 ዐርፈዋል፤ ስማቸው በብዙ ወላጆች ዘንድ በበጎ ይነሣል። ይሁን እንጂ በዝውውር የሚሄድ ወላጅ ሁሉ ማዕከል እንዲያቋቁም መጠበቅ አይገባም።

ወላጆች በቸገራቸው ጊዜ የሚይዙት አንድ መንገድ ልጁን በአዳሪ ተማሪ ቤት መተው ነው። ይህ መንገድ ፍሬ አላፈራም አይባልም። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ በአማራ ሳይንት ተወልዳ፥ በአምስት ዓመቷ የዐይኗን ብርሃን ካጣች በኋላ ሩቅ አገር ሻሸመኔ ተወስዳ በካቶሊክ የዐይነ ስውራን ተማሪ ቤት ተማረች። ከዚያም በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲው ቀጥላ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን የዓለም ሽልማት ተቀብላለች። ነገር ግን እርስዋ የሄደችው ትምህርት ፍለጋ ነው። አባቷ ስለ ተዛወረ ብቻ የስምንት ዓመት ልጅ ከእናቷ እቅፍ ትለይ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ አዳሪ ተማሪ ቤትም በሁሉ ስፍራ አይገኝም፥ ቢገኝም ስፍራው ጠባብ ነው።

ይህን ነገር ሌሎች አገሮች በምን እንዳቃለሉት መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1975 ወጥቶ በ2004 የተሻሻለው ሕግ፥ ልዩ ድጋፍ ለሚያሻው ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ የትምህርት ዕቅድ እንዲጻፍለት ያዝዛል። ዕቅዱ ልጁ የደረሰበትን፥ ሊደርስበት የታሰበውን፥ የሚሰጠውንም ድጋፍ መጠን ይዘረዝራል። ቤተሰቡ በትምህርት ዘመኑ መካከል ወደ ሌላ ግዛት ቢሄድ፥ ተቀባዩ ተማሪ ቤት እስኪመረምርና የራሱን ዕቅድ እስኪጽፍ ድረስ በቀድሞው ዕቅድ ከነበረው ጋር የሚመጣጠን ድጋፍ ከወላጆች ጋር ተማክሮ መስጠት አለበት፤ መዝገቡን ፈጥኖ መጠየቅ የተቀባዩ፥ ፈጥኖ መመለስም የሰጪው ግዴታ ነው። ይህ ለኢትዮጵያውያንም የሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖር አንድ ሐበሻ ከአሌክሳንድርያ (የማርቆስ መንበር ያለባት ሳትሆን የቨርጂኒያዋ) ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱን ቢያዛውር ከግዛት ወደ ግዛት ተሻግሯልና ሕጉ ይመለከተዋል። ስብሰባው በማይገባው ቋንቋ የሆነበት ወላጅ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ሊጠይቅ ይችላል። ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ፈርመው ይወጣሉ።

የእንግሊዝ አገር ሥርዓት ደግሞ ቀኑን ቆጥሮ ያስገድዳል። በ2014 በወጣው ሕግና ደንብ መሠረት፥ የትምህርት፥ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ ያለው ልጅ ወደ ሌላ አውራጃ ሲሄድ የቀድሞው አስተዳደር ዕቅዱን በዚያው በመዛወሪያው ቀን ለአዲሱ ያስረክባል፤ ዝውውሩን ዘግይቶ ያወቀ እንደ ሆነ ካወቀ ጀምሮ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ያስተላልፋል። የተቀበለውም አስተዳደር ዕቅዱን ራሱ እንደ ጻፈው ይቈጠርበታል፤ መቼ እንደሚመረምረውም በ6 ሳምንት ውስጥ ለወላጅ ያስታውቃል። በዚያም አገር ወላጆች ስለ መዘግየትና ስለ ገንዘብ መሟገታቸው አልቀረም፤ ነገር ግን የሚሟገቱበት ወረቀት በእጃቸው አለ።

ይህ የባለጸጎች አገር ሥርዓት ነው የሚል ቢኖር ከፊሉን እውነት ተናገረ። ወረቀት መምህር አይሆንም። ነገር ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ብዙ ወጪ የለበትም፥ ኢትዮጵያም ለዚህ የሚሆን ሕግ አላት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የአስተዳደር ባለ ሥልጣኖች ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃኑን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዝዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገሪቱ ሕግ ሆኗል። አባትን ከደሴ ወደ ነቀምቴ የሚልክ ደብዳቤ ልጂቱን አይመለከትም የሚል ሹም ካለ፥ ልጂቱ ከማን ጋር እንድትኖር እንዳሰበ ይጠየቅ።

ስለዚህ የሰው ኀይል ክፍል ሹም ከመፈረሙ በፊት ሠራተኛውን ልዩ ድጋፍ የሚያሻው ልጅ እንዳለው ይጠይቀው። ካለውም ወደሚሄድበት ከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ስልክ ደውሎ ብሬል ወይም ምልክት የሚያውቅ መምህር፥ ወይም በአንዳንድ ተማሪ ቤቶች የተቋቋመው የአካቶ ትምህርት የድጋፍ መስጫ ማዕከል በቅርብ ይገኝ እንደ ሆነ ይረዳ። ከሌለ ሠራተኛውን ወደሚገኝበት ከተማ ማዛወር፥ ወይም ጉዞውን እስከ ክረምት ማቆየት ይቻላል። ይህን የጠየቀ ሠራተኛ ግዳጁን እንደ ሸሸ ተቆጥሮ በማኅደሩ ሊጻፍበት አይገባም። ሹሙ የሚፈርመው አሥር ዝውውር ቢሆን፥ ይህ የሚያሻው ምናልባት አንዱ ነው፤ ለአንዱ ብሎ አንድ ስልክ መደወል መሥሪያ ቤቱን አያስፈታውም።

ሠራተኛው ራሱ ልጁን የሚሸሽግበት ጊዜም አለ። በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ልጆቹን ሲያስመዘግብ አንዱን ይዘላል፤ የጎረቤትን አፍ ይፈራል፥ አንዳንዱም የኀጢአት ቅጣት ነው የሚለውን ከንቱ ወሬ ይፈራል። ይህን ምሥጢር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የነፍስ አባት ነው። ወላጁን መክሮ፥ ይህ ወሬ ከወንጌል እንዳይደለ፥ ጌታም ስለ ዕውሩ በተጠየቀ ጊዜ እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሎ እንደ መለሰ አስረድቶ፥ ልጁን በስሙ እንዲያስመዘግብ ሊያደርገው የሚችል ከእርሱ የቀረበ ሰው የለም። ቤተሰቡ ሲነሣም በሚሄዱበት ደብር ላለው ካህን ጥቂት መስመር ጽፎ ቢሰጣቸው፥ ገና ሳይደርሱ የሚያውቃቸው ሰው ያገኛሉ። ካህኑ ራሱ ከሀገረ ስብከት ወደ ሀገረ ስብከት ሲዛወርም ይኸው ጥያቄ በእርሱ ቤት ይነሣል፤ የካህን ልጅ ከዚህ አልተለየም።

የተማሪ ቤቱ ሥራ ከሁሉ ያንሳል፥ ከሁሉም ይጠቅማል። ተማሪ ሲለቅ የሚሰጠው መሸኛ እስካሁን ክፍሉንና ውጤቱን ብቻ ይናገራል። ለደሴዋ ልጅ ግን 71 ከመቶ አገኘች ማለት ለነቀምቴው መምህር ምንም አይነግረውም። መምህሯ በመሸኛው ላይ አንድ ገጽ ይጨምርላት፦ ብሬልን እስከ ምን ድረስ እንደ ለመደች፥ የምታነበው በቀኝ ወይም በግራ እጇ እንደ ሆነ፥ ጸሐይ ሲበረታ ጥቂት ብርሃን የምትለይ እንደ ሆነ፥ ሒሳብን በምን ዕቃ እንደምትቈጥር፥ በመሰላል ላይ እንደምትፈራ፥ ከሰው ጋር ለመላመድ ስንት ቀን እንደሚፈጅባት። ሰሌዳዋና መውጊያዋ የተማሪ ቤቱ ንብረት ከሆኑ በውሰት ይዛቸው እንድትሄድ ይፈቀድላት፤ አለዚያ አዲስ እስኪገኝ እጇ ሥራ ይፈታል። ደብዳቤው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ፥ አንዱ ግልባጭ ለአባቷ፥ አንዱ ለነቀምቴ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሰጥ፤ ጓዙን የጫነው መኪና ከደሴ ሳይነሣም በፖስታ ይሂድ።