ዘበኛው ዘገየ ተብሎ ይባረራል ወይ?
ስለ ስዊች ፖርቶችና ስለ ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ



ውድ አንባቢያን! ባለፈው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ላይ የኮምፒውተር ክፍላችን ኔትወርክ ግማሽ ቀን ሙሉ ጠፍቶ እንደዋለ ታስታውሳላችሁ። የተግባር ልምምድ ሪፖርት ማስረከቢያ ቀን ስለነበር ያልተጨነቀ አልነበረም። የላቡ ቴክኒሺያን ዕረፍት ላይ ነበሩ። የነበሩት ሰዎች ኬብሉን ሁሉ አንድ በአንድ ሲነቃቅሉ ኔትወርኩ ተመለሰ፤ ምክንያቱን ግን ያወቀ አልነበረም። ወዲያው “ፍላሽ ሰክተው ቫይረስ ያስገቡት የማታዎቹ ናቸው” ተባለና የማታ ሰልጣኞች ለአንድ ሳምንት ክፍሉን እንዳይጠቀሙ ተደረገ። እኛም እንደሌላው አምነን አውርተናል።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ጥፋቱ የእኛው፣ ያን ቀን የጽዳት ተራ የደረሰን የሦስት ሰልጣኞች ነበር። ከጠረጴዛ ሥር አንዲት ኬብል ተንጠልጥላ አገኘን። አንዱ ጫፏ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል፤ ሌላው መሬት ላይ ወድቋል። “ተነቅላ ይሆናል” ብለን አጠገቧ ባለችው ትንሽ ስዊች ክፍት ቀዳዳ ሰካናት። ትንሿ ስዊች ግን አስቀድሞ በሌላ ኬብል ከግድግዳው ጋር ተያይዛ ነበር። እኛ መጥረጊያችንን አስቀምጠን ወጣን፤ ኔትወርኩም ወደቀ።

ለመሆኑ አንዲት ኬብል ይህን ሁሉ ጣጣ እንዴት ልታመጣ ቻለች?

ስዊች ማለት የኮምፒውተሮችን ኬብል በቀዳዳዎቹ፣ ማለትም በፖርቶቹ ተቀብሎ መልእክትን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ ሣጥን ነው። የመልእክቱ ባለቤት በየትኛው ፖርት እንዳለ ካወቀ በዚያው ብቻ ይልካል። አንዳንዱ መልእክት ግን ለሁሉም የሚነገር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ኮምፒውተር “የዚህ አድራሻ ባለቤት ማነው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ ስዊቹ ጥያቄውን ከመጣበት ፖርት በቀር በሁሉም ይበትነዋል። ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብሎች ከተያያዙ ጥያቄው በአንዱ ሄዶ በሌላው ይመለሳል። የተመለሰውም እንደ አዲስ ተቆጥሮ እንደገና ይበተናል። በኤተርኔት የሚሄድ መልእክት ደግሞ “ይህን ያህል ዞረሃልና ይብቃህ” የሚያሰኝ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ይዞራል፣ ይባዛል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መንገዱን ሁሉ ሞልቶ ለሌላው መተላለፊያ ያሳጣል።

“ታዲያ ሁለት ኬብል መሰካት ይከልከላ!” የሚል አይጠፋም። ይህም አያዋጣም። አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሥራ እንዳይቆም ሁለተኛ መንገድ መኖሩ ጠቃሚ ነው። የሚያስፈልገው ትርፉን መንገድ ዘግቶ የሚጠብቅ፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ የሚከፍት ዘበኛ ነው።

ይህን ዘዴ ያገኘችው ራዲያ ፐርልማን የተባለች አሜሪካዊት ባለሙያ ስትሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1985 በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ስትሠራ ነው። ስሙ ስፓኒንግ ትሪ ይባላል። ትሪ ማለት ዛፍ ነው፤ የዛፍ ቅርንጫፍ ከግንዱ ወጥቶ ይሄዳል እንጂ ዞሮ ከሌላው ቅርንጫፍ ጋር አይገጥምም። ስዊቾቹ ቢፒዲዩ የሚባል አጭር መልእክት በየ2 ሰከንዱ ይላላካሉ። በዚህም አንዱን ስዊች ሩት፣ ማለትም ሥር አድርገው ይመርጣሉ። ሌሎቹ ወደ እሱ የሚያደርሰውን የተሻለ መንገድ ይይዙና ትርፉን ፖርት ይዘጋሉ። ኬብሉ አይነቀልም፤ ፖርቱ ብቻ መልእክት አያሳልፍም።

የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ጉድለት ነበረው፤ ይዘገያል። ፖርቱ ከመከፈቱ በፊት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፤ በድምሩ 30 ሰከንድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ ይህን አሻሽሎታል። ጎረቤት ስዊቾች ተጠያይቀው ይስማማሉ፤ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ ፖርቱ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሊከፈት ይችላል። የጎረቤት መልእክት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከቀረ፣ ማለትም በ6 ሰከንድ ገደማ፣ መንገዱ እንደጠፋ ይቆጠራል።

እንግዲህ ዘበኛው ካለ እኛ ላይ ለምን አልሠራም? የላቡ ጋሼ ከዕረፍት ሲመለሱ ሄደን የሆነውን ነገርናቸው። ትልቁን ስዊች ከፍተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘበኛው ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሮቹ አድራሻ ጠይቀው በ30 ሰከንዱ ምክንያት መልስ ስላጡ፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት “ይኼ ነገር ያዘገየናል” ብሎ አጥፍቶታል። ጋሼም “እናንተ ልጆች፣ ዘበኛው ዘገየ ተብሎ ከተባረረ ሌባ ሲመጣ ማንን ልንጣራ ነው?” አሉን። ከዚያም ፖርቶቹ እንዴት እንደሚስተካከሉ እያሳዩን አብረን ሠራን። የተማርነው የሚከተለው ነው።

1ኛ/ በስዊቹ ላይ ራፒድ የሚለውን ዓይነት መምረጥ። አንዳንዱ ስዊች ከፋብሪካ ሲመጣ በአሮጌው ላይ ነው። ጎረቤቱ አሮጌውን የሚጠቀም ከሆነም በዚያ ፖርት በኩል ፍጥነቱ ይቀራል።

2ኛ/ ሩቱን ራስ መምረጥ። ከፋብሪካ ሲመጣ የቅድሚያ ቁጥሩ 32768 ነው። ትንሽ ቁጥር ያለው ያሸንፋል፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ በፋብሪካ የተሰጠው አድራሻ ትንሹ የሆነው ይመረጣል። ይህም ጥግ ላይ የተረሳ አሮጌ ስዊች ሊሆን ይችላል! ስለዚህ ለመሐሉ ዋና ስዊች 4096፣ ለተጠባባቂው 8192 ብንሰጥ ይበጃል። ቁጥሩ የ4096 ብዜት መሆን አለበት።

3ኛ/ ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሰካበትን ፖርት የጫፍ ፖርት ማድረግ። አንዳንድ ስዊች ላይ ፖርትፋስት ይባላል። “ከዚህ ወዲያ ሌላ ስዊች የለም” ማለት ስለሆነ ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው ይከፈታል። የጠዋቱ ችግር መድኃኒት ይኸው ነበር። ስዊች ከስዊች በሚገናኝበት ፖርት ላይ ግን ይህን ማድረግ ለፖርቱ መዋሸት ነው።

4ኛ/ በጫፍ ፖርቶች ላይ ቢፒዲዩ ጋርድ ማብራት። በጫፍ ፖርት ቢፒዲዩ ከመጣ አንድ ሰው ስዊች ሰክቷል ወይም ኬብል አዙሯል ማለት ነው፤ ያ ፖርት ብቻ ይዘጋል። ይህ በርቶ ቢሆን ኖሮ የእኛ ስሕተት ያችን አንዲት ጥግ ብቻ ይዘጋ ነበር።

5ኛ/ ስዊች ከስዊች የሚያገናኙ ፖርቶች ፉል ዱፕሌክስ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ላኪም ተቀባይም መሆናቸውን ማረጋገጥ። አለዚያ ፈጣኑ ስምምነት ይቀርና ወደ አሮጌው ጥበቃ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ጋሼ ያችኑ ኬብል ሰጡንና “በሉ እንደገና ስኩ” አሉን። እጃችን እየተንቀጠቀጠ ሰካን። የትንሿ ስዊች ፖርት ተዘጋ፤ የቀረው ክፍል ሥራውን ቀጠለ። ኬብሏን ነቅለን ጋሼ ፖርቱን መልሰው ከፈቱት።

በመጨረሻም የማታ ሰልጣኞች ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፣ ቫይረስ አላስገባችሁም። ሳናጣራ ስማችሁን ስላነሣንና እውነቱን ካወቅን በኋላም እስከ ዛሬ ዝም ስላልን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁላችንም ነገ በየትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ ሊሰጠን ይችላል። የዚያን ጊዜ ሌላኛውን ጫፏን ሳናይ ኬብል አንሰካ፤ ምክንያቱን ሳናውቅም ሰው አንክሰስ።