«ልቤ ቀርፋፋ ነው ካላችሁ፣ ማቀዝቀዣ ኪኒን ለምን?»

በዚህ እትማችን የምናወጋችሁ ከመካከላችን በአንዷ ላይ ስለ ደረሰ ነገር ነው። ስሟን እንዳንጽፍ ጠይቃናለች፤ ታሪኩን ግን «ለሌላዋ ይጠቅማል» ብላ ፈቅዳልናለች።

እኅታችን ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል፤ ቤይሩት ከመጣችም ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አንድ ቀን ልብስ ስትተኩስ ድንገት ዓይኗ ጨለመና ወደቀች። ከዚያ በፊትም አንዳንዴ ልቧ ይመታባት፣ ቀጥሎም ያዞራት ነበር። እርሷ ግን የእንቅልፍ እጦትና ድካም ነው ብላ ችላ ብላው ኖራለች። ሐኪም ቤት ስትደርስ የልቧ ምት በደቂቃ 36 ብቻ ነበር። በደረቷ በግራ በኩል ከቆዳ ሥር የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ ማለትም ፔስሜከር፣ ተቀበረላት።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ እኛ መጣችና ከቦርሳዋ ሁለት የመድኃኒት ፓኬት አወጣች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልነካቻቸውም። «ልቤ ቀርፋፋ ነው ብለው ማሽን ቀበሩልኝ፤ አሁን ደግሞ ልብ የሚያቀዘቅዝ ኪኒን ሰጡኝ። የቱን ልመን?» አለችን። እውነቱን ለመናገር እኛም መልስ አልነበረንም። በማግስቱ አብረናት ወደ ሐኪሟ ሄድን። የሰማነውን እነሆ ለእናንተም እናካፍላችኋለን።

ፔስሜከር ሥራው ልብን መግፋት ነው። ልብ ከተወሰነ ቁጥር በታች ሊወርድ ሲል ይቀሰቅሰዋል። የእርሷ የተስተካከለው በ60 ላይ ነው። ልብ ከልክ በላይ ሲሮጥ ግን ይህ መሣሪያ ልጓም አይሆንም። የእኅታችን ልብ ደግሞ ሁለቱም ችግር አለበት፤ አንዴ ሥርዓት አጥቶ ይሮጣል፣ ሩጫው ሲያበቃ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ይላል። የወደቀችውም በዚያ ጸጥታ ነበር። ሩጫውን የሚይዘው ቢሶፕሮሎል የተባለው ኪኒን ነው። መሣሪያው ሳይኖር ኪኒኑን ቢሰጧት ልቧን ይበልጥ ባዘገየው ነበር። አሁን ግን መሣሪያው ከታች ደግፎ ስለያዘ ኪኒኑን ያለ ሥጋት መስጠት ተቻለ። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ አንዱ ከታች ይደግፋል፣ ሌላው ከላይ ይይዛል።

መሣሪያው ያለፈውንም ይመዘግባል። ሐኪሙ ከደረቷ ውጭ ሆኖ በሚያነበው ኮምፒዩተር ሲመለከት፣ ኪኒኑን ባቆመችባቸው ቀናት ልቧ በተደጋጋሚ ለሰዓታት ሲሮጥ አገኘው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልብ ይብስ ሊፈጥን ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያዝ ማቆም አደጋ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው። ይህ የታዘዘላት ፔስሜከር ስላላት አይደለም። በልጅነቷ በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልቧን በር አጥብቦባታል፤ ይህ በሀገራችን ብዙዎችን የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ልብ ሥርዓት አጥቶ ሲርገበገብ በውስጡ ደም ሊረጋ፣ የረጋውም ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውነትን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። የዋርፋሪን ልክ የሚታወቀው አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ስለሆነ ቀጠሮው አይዘለልም።

እዚህ ላይ የእኛን ኑሮ የሚነካ ነገር አለ። ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳሉ። በጾም ወራት ጎመን አብዝተን፣ ሲፈታ ደግሞ ትተን ሥጋ ስንበላ ልኩ ይዛባል። ጎመን ክልክል አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰል ነው የተባለው። እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ግን ማዳም ከመሳቢያዋ ብትሰጣችሁም ሐኪም ሳትጠይቁ አትዋጡ፤ የደም መፍሰስ ያመጣሉ። ከሀገር ቤት የሚላክ የባህል መድኃኒትም እንዲሁ ነው። እኅታችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም የጧቱን ኪኒን ትዘለው ነበር። አሁን ሐኪሟን ጠይቃ ወደ ማታ አዛውራዋለች፤ ስለ ጾሙም ንስሐ አባቷን አማክራለች።

የልብ ምትን በቤት ለመቁጠር፣ አምስት ደቂቃ አርፋችሁ ተቀመጡ፤ ከአውራ ጣት በታች የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። አንዳንድ ምት ቀድሞ ሲመጣ እጅ ላይ ሳይደርስ ስለሚቀር ቁጥሩ ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። አንድ ጊዜ 56 ቢሆን አትደንግጡ። ደጋግሞ ከተስተካከለበት ቁጥር በታች ከሆነ፣ ወይም አርፋችሁ ሳለ ከ120 በላይ እየሮጠ ካልበረደ ለሐኪም ንገሩ። ደረጃ ስትወጡ መጨመሩ ግን ጤነኛ ነገር ነው።

በሥራ ቤት ደግሞ ይህን አስታውሱ፤

– መሣሪያው ከገባ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በዚያ በኩል ያለውን እጅ ከትከሻ በላይ አታንሡ፣ ከባድ ነገርም አትሸከሙ። መስኮት መወልወል፣ መጋረጃ መስቀል፣ ምንጣፍ ማራገፍ ሽቦውን ከቦታው ሊያነቃንቅ ይችላል። ሐኪሙ ይህን በአረብኛ ጽፎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁና ለማዳም አሳዩ።

– ካውያ፣ ማይክሮዌቭና የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ደህና ከሆኑ አይጎዱም። በማግኔት ከሚሠራው የኢንዳክሽን ምድጃ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቁ።

– ስልክ ጡት ማስያዣ ውስጥ የምታስቀምጡ አላችሁ። ከመሣሪያው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

– የመሣሪያው ካርድ ከእናንተ አይለይ። ፓስፖርት በአሠሪ እጅ ቢሆን እንኳ ካርዱ በቦርሳችሁ ይሁን፤ ፎቶውንም በስልካችሁ ያዙ። የሚያነበው ኮምፒዩተር እንደ አምራቹ ስለሚለያይ፣ ሀገር ቤት ስትገቡም ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እርሱን ነው። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ዓመት ስለሚሠራ ይህን ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል።

ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የማይቆም ደም ካለ ጊዜ አትስጡት። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው። «ዐንዲ ባታሪዬ ቢል አልብ» ብትሉ ይገባቸዋል። ቁስሉ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም መግል ካወጣም በዚያው ቀን ሂዱ።

ለምትሠጉ አንድ ነገር እንጨምር። ፔስሜከር በሰውነት ውስጥ መጀመሪያ የተቀበረለት አርነ ላርሶን የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በስቶክሆልም። ያ የመጀመሪያ መሣሪያ ለሰዓታት ብቻ ሠርቶ ቆመ። ሰውየው ግን ከ20 በላይ መሣሪያ እየተቀየረለት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2001 በ86 ዓመቱ አረፈ፤ ያውም በካንሰር እንጂ በልቡ አልነበረም።

እኅታችን ዛሬ ኪኒኗን በስልኳ ደወል ትወስዳለች። ባለፈው እሑድ ስናያት እጃችንን ይዛ በራሷ አንጓ ላይ አደረገችና «ቁጠሩልኝ» አለችን። ቆጠርን፤ 64 ነበር። እናንተም ያልገባችሁ መድኃኒት ካለ ከማቆማችሁ በፊት ጠይቁ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ ንገሩን፤ አብረናችሁ እንሄዳለን።

ጤናውን ይስጠን።