ትምባሆ ረኃብን ያስታግሣልን?

ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ረኃብ አይጠናበትም፤ ማጨሱን የተወ እንደ ሆነ ግን እህል ያበዛል፥ ሰውነቱም ይከብዳል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ተራ ወሬ ብሎ መመርመር ለቤተ ሰቡ ጤና ለሚያስብ ሁሉ የተገባ ነው። ውፍረትን ፈርቶ ትምባሆን ለመተው የሚያመነታ ሰው አለና፤ ከተወም በኋላ ልብሱ ሲጠብበው አይቶ ወደ ቀድሞው ዐመሉ የሚመለስ አለና።

በትምባሆ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋነኛ መርዝ ኒኮቲን ይባላል። ስሙ የተወሰደው በፖርቱጋል የፈረንሣይ መልእክተኛ ከነበረው ከዣን ኒኮ ነው፤ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1560 ዓ.ም. ገደማ ትምባሆን ወደ ፈረንሣይ ቤተ መንግሥት የላከ ሰው ነው። መርዙን ከቅጠሉ ለይተው ያወጡት ግን ፖሴልትና ራይማን የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በ1828 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ነገር ሰውን ጠይቆ እውነቱን አጥርቶ ማግኘት ያስቸግራል። ሰው ስለ መልኩ ያስባል፥ ወዳጁ የሚለውን ይሰማል፥ ሲጃራ በእጁ ይዞ ሳለም ጉርሻ ለማንሣት አይመቸውም። አይጥ ግን ስለ ቁመናዋ አትጨነቅም፤ ከሰውም የሰማችው ምክር የለም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ነገሩን በአይጦች ላይ መረመሩት።

በ1982 ዓ.ም. ኒል ግሩንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ያገኘውን ምርመራ አሳተመ። ኒኮቲን የተሰጣቸው አይጦች ክብደታቸው ቀነሰ፤ ጣፋጩንም ምግብ መብላት እጅግ አሳነሱ፤ ጣፋጭነት የሌለውን ምግብና ውኃውን ግን እንደ ቀድሞው ወሰዱ። ኒኮቲኑ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ጣፋጩን አበዙ፥ ክብደታቸውም ጨመረ። እንግዲህ በሰው ላይ የሚታየው ነገር ከሐሳብ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ በዚህ ታወቀ።

ምክንያቱም ከጊዜ በኋላ ተገኘ። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ በእርስዋም ውስጥ ሰውነት መጥገቡን የሚያስታውቁ ሕዋሳት አሉ። በ1ኛው ረድፍ ከሚጠሩት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በዬል ዩኒቨርሲቲ፥ ማሪና ፒቾቶና ባልደረቦችዋ በ2011 ዓ.ም. እንዳሳተሙት፥ ኒኮቲን እነዚህን ሕዋሳት ቀስቅሶ የትንንሾቹን አይጦች ምግብና ስብ ይቀንሳል። ሕዋሳቱ የጥጋብን መልእክት የሚያደርሱበት ንጥረ ነገር በጎደለባቸው አይጦች ላይ ግን ኒኮቲኑ ምግባቸውን ማሳነስ አልቻለም። ነገሩ ግብሩ ገና ሳይቀርብ አሳላፊው ተነሥቶ ሁሉ በልቶ ጠግቧል ብሎ እንደሚያውጅ ነው፤ ዐዋጁ ይሰማል፥ ማዕዱ ግን አልተበላም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ኒኮቲን ምግብን ቢያሳንስም ምኞትን አያሳንስም። ብርሃን ሲበራ ምግብ እንደሚመጣ የለመደች አይጥ ኒኮቲን ሲሰጣት ወደዚያ ምልክት መቅረብን ታበዛለች። በ2003 ዓ.ም. በታተመ ምርመራም አይጦች ምግብ ሳያገኙ ብርሃን ለማብራት ብቻ መጫኛውን ሲጫኑ፥ ኒኮቲን የተሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ አብዝተው ሲደክሙ ታይተዋል። ይህም ማለት መርዙ ሆድን ዝም ሲያሰኝ፥ በዙሪያው ያሉትን ምልክቶች ሁሉ ያጣፍጣል። አጫሹ ከማዕድ በኋላ፥ ከቡና ጋራ፥ ከወዳጆቹም ጋራ በተቀመጠ ጊዜ ሲጃራን አጥብቆ የሚናፍቀው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ነጋዴዎች ይህን የሰው ድካም አስቀድመው ዐውቀውበታል። ለኪ ስትራይክ የተባለው ሲጃራ ሻጮች በ1928 ዓ.ም. በአሜሪካ ባወጡት ማስታወቂያ፥ ሴቶች በጣፋጭ ፈንታ ሲጃራ እንዲያነሡ ይመክሩ ነበር። የሸጡላቸው ግን ቅጥነትን ሳይሆን ብድርን ነው፤ ሰውነት የተከለከለውን አንድ ቀን መልሶ ይጠይቃልና።

ይህም ብድር ልኩ ተመርምሯል። በ2012 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፥ ያለ መድኃኒት ማጨስን የተወ ሰው በ1 ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ጨምሯል፤ የሚበዛውም የተጨመረው በመጀመሪያዎቹ 3 ወሮች ነው። ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል ግን እንዲያውም ከስቷል። ትምባሆ በሳንባና በልብ ላይ ከሚያመጣው ጉዳት ጋራ ሲመዛዘን ይህ ክብደት እጅግ ቀላል ነው።

እንግዲህ ከቤታችሁ አንድ ሰው ማጨሱን በተወ ጊዜ ከማዕድ ቶሎ ባይነሣ፥ ጣፋጭም ቢያምረው፥ ሆዳም ሆነ ብላችሁ አትሣቁበት። ታግዶ የቆየው ሰውነቱ ወደ ሥርዐቱ ሲመለስ ነውና። የቤቱ እመቤት በጣፋጩ ፈንታ ፍራፍሬና አትክልት ታቅርብለት፤ ከእራትም በኋላ አንድ ሰው ተነሥቶ አብሮት ይራመድ። እነዚያ 3 ወሮች በትዕግሥት ካለፉ ከባዱ ጊዜ አልፏል፤ በእነርሱ ውስጥ የሚነገር አንድ የፌዝ ቃል ግን ሰውየውን ወደ ሲጃራው ሊመልሰው ይችላል።