ዶቅዶቄ የሚማር ሰው አስቀድሞ መቆምን ይማር

ነቀምቴ የአራት መንገድ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ በባኮና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ርዝመቱ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለተኛው ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆና ወደ መንዲ ይሄዳል። ሦስተኛው በበደሌ አድርጎ ጅማ ይገባል። አራተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ፣ ወደ ጎጃም ያደርሳል። በእነዚህ መንገዶች ላይ የጭነት መኪና አለ፤ አውቶቡስ አለ፤ ባጃጅ አለ፤ በቅሎና አህያ አለ፤ ከብትም አለ። በእነዚህ ሁሉ መካከል ዶቅዶቄ ይሄዳል።

ሞተር ሳይክል ማለታችን ነው። ድምፁ «ዶቅ ዶቅ ዶቅ» ስለሚል ሕዝቡ ዶቅዶቄ አለው። በኦሮምኛም በአማርኛም ስሙ ይኸው ነው።

ዶቅዶቄ ጠቃሚ ነው። መኪና በማይገባበት ቀጭን መንገድ ይገባል። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ቡና ገበያ ያወጣል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ቡናውን ወይም ሰሊጡን ሲሸጥ «ዘንድሮስ ሞተር እገዛለሁ» ይላል። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሞተሩ የብዙ ጊዜ ድካም ዋጋ ነው። ነጂውም የቤቱ ምሰሶ ነው። ሞተሩ ቢሰበር ብር ይጠፋል። ነጂው ቢሰበር ቤት ይፈርሳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት መማር፣ ከመማርም በፊት ጥሩ አስተማሪ መምረጥ ያስፈልጋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ወይፈን የገራ ሰው ያውቀዋል

ወይፈን ለእርሻ ሲገራ ምን ይማራል? መሳብ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። መቆምም ይማራል። ቁም ሲባል የማይቆም ወይፈን ሞፈር ይሰብራል፤ ሰውም ይጥላል። ጉልበቱ ብቻውን ጥቅም የለውም።

ሞተርም እንደዚሁ ነው። ማስኬድ ቀላል ነው። ነዳጅ ከሰጡት ይሄዳል። ከባዱ ነገር በተፈለገው ቦታና በተፈለገው ጊዜ ማቆም ነው።

እስኪ በቁጥር እንየው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል። አንድ ሰከንድ ማለት ዓይን ጥጃ አይቶ፣ ልብ ደንግጦ፣ እጅ ፍሬን እስኪይዝ ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ፍሬኑ ገና ሳይያዝ 10 ሜትር አልፏል።

ሌላም አለ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ለመቆሚያ የሚፈለገው መንገድ በአራት እጥፍ ይጨምራል። በደረቅ መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ4 ሜትር ቢቆም፣ በ40 የሚሄደው 16 ሜትር ይፈልጋል። መንገዱ ጭቃ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። ይህን የማያስተምር አሰልጣኝ ሞተር መንዳት አስተማረ አይባልም።

እጅና እግር ሥራ ሲከፋፈሉ

በሞተር ላይ እያንዳንዱ እጅና እግር የራሱ ሥራ አለው።

ቀኝ እጅ ሁለት ሥራ አለው። ነዳጅ ይሰጣል፤ የፊት ፍሬንም ይይዛል።
ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከኋላ ጎማ የሚያላቅቅና የሚያገናኝ ነው።
ቀኝ እግር የኋላውን ፍሬን ይረግጣል።
ግራ እግር ማርሽ ይለውጣል። የማርሹ አረጋገጥ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። አሰልጣኙ ማሳየት አለበት።

ጀማሪን የሚጥለው ነገር አንድ ነው። የደነገጠ ሰው እጁን ይጨብጣል። ቀኝ እጁን ጨብጦ ወደ ራሱ ሲያዞር ነዳጅ ይጨምራል። ሞተሩ ዘሎ ይሄዳል። ሰውየው ይበልጥ ይደነግጣል፤ ይበልጥም ይጨብጣል። መጨረሻው አጥር ወይም ቦይ ነው። መድኃኒቱ በግራ እጅ ነው። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ሲይዙት ጉልበቱ ከጎማው ይላቀቃል። ከዚያ ነዳጁን ለቆ በሁለቱም ፍሬን ቀስ ብሎ ማቆም ይቻላል። ይህ ነገር በቃል ብቻ አይለመድም። እጅ እስኪለምደው ብዙ ጊዜ መደጋገም አለበት።

ሁለት ዓይነት አሰልጣኝ

እስኪ አንድ ሜዳ እናስብ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ሊማር መጥቷል። አሰልጣኙ ወጣት ነው።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምነዳው?» ይላል ገበሬው።
«ጋሼ፣ ዛሬ ሞተሩን አናስነሳውም። ዛሬ መግፋትና ማቆም ነው።»
«በገንዘቤ ልግፋ?»
«አዎ ጋሼ። ክብደቱን ይወቁት። ‹ይቁሙ› ስልዎ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ይያዙት።»

ገበሬው ይገፋል። ያቆማል። እንደገና ይገፋል። ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ይቀመጥበታል፤ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ የትኛው እጅ የቱን እንደሚይዝ ይለማመዳል። በማግሥቱ ሞተሩ ይነሳል። ያን ቀን ፍሪሲዮን በዝግታ መልቀቅን ይማራል። ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። እንደገና ሄዶ ይቆማል። ሁለተኛ ማርሽ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በሜዳው ዳር ደግሞ ሌላ አሰልጣኝ አለ። ተማሪውን አስቀምጦ ከኋላው ይጮኻል። «ስጠው! ነዳጅ ስጠው! ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይላል። ሰው ቆሞ ይስቃል። ተማሪው ያፍራል፤ አፍሮም ይሰጠዋል።

ከሁለቱ የትኛው ጋ ትማራላችሁ? ሁለተኛው በሦስት ቀን ያስነዳችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው ግን በሰላም ወደ ቤት ያስገባችኋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባል የለም?

ጥሩ አሰልጣኝ በምን ይታወቃል?

አስቀድማችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ግማሽ ቀን ዳር ቆማችሁ ሌላውን ሰው ሲያስተምር ተመልከቱ። እነዚህን ነገሮች እዩ።

1. ራሱ ሄልሜት ያደርጋል? ለተማሪውስ አለው? ማሰሪያው ከአገጭ በታች ካልታሰረ ሄልሜት ማለት ባዶ ቆብ ነው። በ2000 ዓ.ም. ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተመርምረው ነበር። ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ከመቶ 42 ያህል፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ ከመቶ 69 ያህል እንደሚቀንስ ታውቋል።

2. የሚያስተምረው ገላጣ ሜዳ ላይ ነው? ጀማሪን በመጀመሪያ ቀን የጭነት መኪና ከሚያልፍበት አስፋልት ላይ የሚያወጣ አሰልጣኝ ይቅርባችሁ።

3. ሞተሩ ትንሽ ነው? ፍሬኑስ ይይዛል? ለጀማሪ ቀላል ሞተር ይሻላል። ሁለቱንም እግር መሬት ማስነካት አለበት።

4. ስህተት ሲያይ ምን ያደርጋል? የሚሳደብ ወይስ አስቁሞ የሚያስረዳ? በስድብ ፊደል የተማረ ሰው የለም። ሞተርም እንደዚሁ ነው።

5. የተማሪውን ጊዜ ያከብራል? አንዱ ሲነዳ ሌሎቹ አምስት ሰዓት ተቀምጠው የሚውሉ ከሆነ ገንዘባችሁ ለመቀመጫ ነው።

6. «ፈተና ሳትፈተኑ መንጃ ፈቃድ አመጣላችኋለሁ» ይላል? እንዲህ ካለ ቶሎ ተለዩት። በገንዘብ የተገዛ ወረቀት ፍሬን አይሆንም።

ሴቶችም ሞተር መንዳት ይችላሉ። ሞተር የሚጠይቀው ጉልበት ሳይሆን ማስተዋል ነው። ሴት ተማሪ ከእህቷ ወይም ከጎረቤቷ ጋር ሆና ብትመዘገብ ጥሩ ነው። አሰልጣኙ ለሴትና ለወንድ ንግግሩ የተለያየ እንዳይሆን ትመልከት። ያልወደደችው ነገር ካለ ወዲያው ትናገር፤ አሰልጣኝ መለወጥም መብቷ ነው።

የወለጋ መንገድ የሚያስተምረው

ሜዳ ላይ የተማረ ሰው መንገዱን ገና አላወቀም። የእኛ አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ክረምቱም ረጅም ነው። ጥሩ አሰልጣኝ ይህንን ሳያሳይ «ጨርሳችኋል» አይልም።

ቁልቁለት፦ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ሲኬድ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ ዴዴሳ ግን ቆላ ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ አንዳንድ ነጂ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሹን ፎሌ አድርጎ ሞተሩን ያጠፋል። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዛል። ፎሌ ሲሆን ግን ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይከዳል። የዳነችው ነዳጅ ትንሽ ናት፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን ሕይወት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅ ያለ ማርሽ አስገቡ። ሞተሩንም አታጥፉ።

ጭቃ፦ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ሳሙና ነው። በጭቃና በኮረት ላይ የፊት ፍሬን በድንገት ከተያዘ ጎማው ይንሸራተታል። ፍሬን በቀስታ ይያዝ። መሪ በድንገት አይዙር። ፍጥነት አስቀድሞ ይቀነስ።

ሰውና ጭነት፦ ጆንያ ወይም ሰው ከኋላ ሲጫን ሞተሩ ለመቆም ብዙ መንገድ ይፈልጋል። ጀማሪ ሰው ሰው አይጫን። የለመደም ቢሆን ሦስት ሆኖ አይጫን። ጋቢ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስ በኋላ ጎማ ወይም በካቴና እንዳይጠመጠም ተሰብስቦ ይያዝ። የጋለ ማርሚታ እግር ያቃጥላል። ልጆችን አስጠንቅቋቸው።

መጠጥ፦ ጠላም ሆነ አረቄ የቀመሰ ሰው ያን ቀን በእግሩ ይሂድ። በቅሎ ቤቷን ታውቃለች፤ የሰከረ ጌታዋን ታደርሳለች። ዶቅዶቄ ግን ቤት አያውቅም።

የመንገዱ ወገን፦ በአገራችን ተሽከርካሪ በቀኝ በኩል ይሄዳል። ድሮ በግራ ነበር። ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ቀኝ ተለወጠ። ሞተር ነጂም ቀኙን ይዞ ይሂድ። መታጠፍ ሲፈልግ በስፖኪዮ ኋላውን ይመልከት፤ ፍሬቻ ያሳይ።

አሁን ማንበብ ትችላላችሁ

ማንበብ የማይችል ሰው «እዚህ ላይ ፈርም» ሲባል ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትም ነበር። የታተመበትን ግን አያውቅም። እናንተ ዛሬ ታነባላችሁ። ስለዚህ በማሰልጠኛው ቤት በዓይናችሁ ተጠቀሙ።

ማሰልጠኛው የሥራ ፈቃድ እንዳለው ጠይቃችሁ አንብቡ። ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደምትማሩ፣ በፈተና ብትወድቁ ምን እንደሚደረግ ከውሉ ላይ ፈልጉ። ያልገባችሁን አስነብቡ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የተጻፈው ቁጥር ከከፈላችሁት ጋር አንድ መሆኑን እዩ።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜ ከ18 ዓመት ማነስ የለበትም። የጤና ምርመራ፣ በተለይም የዓይን ምርመራ አለ። የትምህርት ደረጃም ይጠየቃል። ስለዚህ ለማሰልጠኛ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ «የእኔ ክፍል ይበቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልበቃ ተስፋ አትቁረጡ። ፊደል የቆጠረ ሰው ቀጣዩን ክፍል መቁጠር አያቅተውም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ለምሳሌ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይነዳ ከልክላ ነበር። በእናንተም ወረዳ ስለ ሞተር የወጣ ማስታወቂያ መኖሩን ሳትገዙ በፊት ከቀበሌ ጠይቁ። በሰሌዳው ላይ የተለጠፈውንም ራሳችሁ አንብቡ።

በመንገድ ዳር ቀይ የሆነ፣ ስምንት ማዕዘን ያለው ምልክት ታያላችሁ። በላዩ የተጻፈው ቃል አጭር ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፦ «ቁም»። ዛሬ ይህን ቃል ታነቡታላችሁ። ጥሩ አሰልጣኝ ደግሞ እጃችሁና እግራችሁ እንዲታዘዙት ያደርጋል።

እስኪ ተወያዩ

1. ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመቆሚያው መንገድ በስንት እጥፍ ይጨምራል?
2. ጀማሪ ሰው ሲደነግጥ የትኛውን እጁን ማስታወስ አለበት? ለምን?
3. በቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግ ለምን አደገኛ ነው?
4. በአካባቢያችሁ ሞተር የሚያስተምር ሰው አለ? ከላይ ከተጻፉት ስድስት ነገሮች ስንቱን ያሟላል? አንድ በአንድ አንብባችሁ በደብተራችሁ ላይ ጻፉ።