ከሙስታንግ ወደ 911፦ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የስፖርት መኪና መቀየር

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያገለገሉ የስፖርት መኪኖች ገበያ ውስጥ አንድ የተለመደ መንገድ አለ። ገዢው በፎርድ ሙስታንግ ጂቲ ይጀምራል፤ ጥቂት ዓመታት ይነዳውና ገቢው ሻል ሲል ሸጦት ወደ ፖርሽ 911 ይሻገራል። ሰዎች ሁለቱን ሲያነጻጽሩ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ዋጋና ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። መኪናው እጅ ከገባ በኋላ ግን ልዩነቱ የሚታየው በሙቀቱ፣ በመለዋወጫው፣ በወረቀቱና መልሶ በመሸጡ ላይ ነው። ባለቤቱም የሚለምደው አዲስ ፍጥነት ሳይሆን አዲስ የወጪ ዓይነት ነው።

ሙስታንግ ለሕዝብ የታየው በኤፕሪል 1964 በኒው ዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። 911 ከዚያ ቀደም ብሎ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ 901 በሚል ስም ቀርቦ ነበር፤ ፔዦ መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለተከራከረ ፖርሽ ዜሮውን በአንድ ተካው። አሠራራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። የሙስታንግ ጂቲ ሞተር ባለ 5 ሊትር ቪ 8 ሆኖ ከፊት ይቀመጣል። የ911 ሞተር ስድስት ሲሊንደሮቹ በሁለት ጎን ተጋድመው ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ነው ያለው። በ2018 የተሻሻለው ሙስታንግ ጂቲ 460 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በ2011 የወጣው የ911 ትውልድ በካሬራ ኤስ ደረጃው 400 ነው። በወረቀት ላይ አሜሪካዊው ይበልጣል፤ ነገር ግን ክብደቱ ወደ 1,700 ኪሎ ግራም ሲጠጋ ጀርመናዊው በ1,400ዎቹ ውስጥ ስለሆነ ብልጫው በመንገድ ላይ እምብዛም አይታይም።

ይህን ጉልበት አውጥቶ የሚጠቀሙበት ቦታም ጥቂት ነው። የዱባይ ፖሊስ በ2013 ላምቦርጊኒ አቬንታዶርን ወደ ጋራዡ ካስገባ ወዲህ ከተማዋ የፍጥነት ከተማ ተብላ ብትታወቅም ሕጉ ለማንም አይራራም። ሻርጃንና ዱባይን በሚያገናኘው የአል ኢቲሓድ መንገድ በዱባይ በኩል ወሰኑ 80 ኪሎ ሜትር፣ በዱባይ የሼክ መሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ደግሞ 110 ነው፤ ካሜራው የሚያነሣው ከዚህ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ ነው። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኤሚሬትስ የፌዴራል ደንብ መሠረት ከወሰኑ በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ያለፈ ሰው 2,000 ድርሃም ይቀጣል፣ 12 ጥቁር ነጥብ ይያዝበታል፣ መኪናውም ለ30 ቀን ይታገዳል። ከ80 በላይ ሲሆን ቅጣቱ 3,000 ድርሃም፣ 23 ነጥብና የ60 ቀን እገዳ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚያዘው 24 ነጥብ ሲሞላ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ላበደ ሰው ለሚቀጥለው ጥፋት የቀረችው አንዲት ነጥብ ብቻ ናት። ማርሚታ ቀይሮ መንደሩን የሚያናውጥም ሌላ 2,000 ድርሃምና 12 ነጥብ ይጠብቀዋል። ዱባይ በ2023 ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 30 ደግሞ በግዴለሽነት በመነዳቱ የተያዘን መኪና ለማስለቀቅ 50,000 ድርሃም፣ ፍጥነቱን ወይም ድምፁን ለመጨመር የተነካካን መኪና ለማስለቀቅ 10,000 ድርሃም ይከፈላል። መኪናውን በሙሉ አቅሙ መንዳት የሚፈልግ ሰው ትክክለኛ ቦታው በ2004 የተከፈተው ዱባይ አውቶድሮም ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ ግን ከሙስታንግ ወደ 911 የዞረ ሰው ቶሎ አይደርስም፤ በዚህ ረገድ ገንዘቡ ያመጣለት ለውጥ የለም።

ለውጡ ጎልቶ የሚሰማው በጠዋት መጨናነቅ ውስጥ ነው። የቤት ኪራይ ስለሚረክስ ሻርጃ ወይም አጅማን ተቀምጦ ዱባይ የሚሠራ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም፤ በየቀኑም በዚያው መንገድ ወጥቶ ይመለሳል። የእጅ ካምቢዮ ያለው ሙስታንግ እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ የነጂውን ግራ እግርና ፍሪሲዮኑን አብሮ ይጨርሳል። በአንጻሩ ከ2018 ወዲህ የመጣው ባለ 10 ማርሽ አውቶማቲክ ሙስታንግ ለዚህ ኑሮ የተመቸ ነው። ፒዲኬ የሚባለው የ911 ካምቢዮ በሁለት ፍሪሲዮን የሚሠራ ሲሆን ማርሽ አለዋወጡ የሚያስደንቅ ነው፤ ከተበላሸ ግን ጥገናው ከማንኛውም የሙስታንግ ካምቢዮ ይከብዳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ፦ በኤሚሬትስ አውቶማቲክ ብቻ የሚል መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው የእጅ ካምቢዮ መንዳት አይችልም። ሰሊክ የሚባለው የዱባይ የመንገድ ክፍያም ከጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ጀምሮ መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት በአንድ በር 6 ድርሃም ሆኗል፤ ለስፖርት መኪና ባለቤት ቀላል ቢመስልም በየቀኑ ሲደጋገም ይቆጠራል።

የበጋው ሙቀት ዋናው ፈታኝ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የቀትሩ ሙቀት ብዙውን ጊዜ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ባትሪ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በላይ ብዙም አይቆይም፣ ላስቲኮችና የፕላስቲክ ቱቦዎች ይደርቃሉ፣ ውጭ የሚውል መኪና ዳሽቦርዱ ይሰነጠቃል። ሙስታንግ ራዲያተሩ ከፊት አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ማየቱም ማጽዳቱም ቀላል ነው። የ911 ራዲያተሮች ግን ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ በግራና በቀኝ ዝቅ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ የኤሲው ማቀዝቀዣም ከፊታቸው አለ። በዚያ ክፍተት አሸዋ፣ ቅጠልና የተቀደደ ፌስታል ይከማቻል። በጊዜው ካልተጠረገ እርጥበትና ጨው ያለበት የባሕር ዳርቻ አየር ቀስ እያለ ራዲያተሮቹን ይበላቸዋል። ፓራውልቱን አውልቆ ማጽዳት የሚያስወጣው የጥቂት ሰዓት ክፍያ ነው፤ ሳያጸዱ መተው ግን ራዲያተሩንም የኤሲውን ማቀዝቀዣም ያስቀይራል። በሙስታንግ ስለ ራዲያተር አስቦ የማያውቅ ሰው 911 ሲገዛ መጀመሪያ ሊማር የሚገባው ይህንን ነው።

ጎማም ሌላ ትምህርት ነው። በኤሚሬትስ ከተመረተ አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ፣ ጥርሱ ሳይበላ እንኳ፣ ሕገወጥ ነው፤ 500 ድርሃም፣ አራት ጥቁር ነጥብና የአንድ ሳምንት እገዳ ያስከትላል። የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ ተጽፏል። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዳ መኪና ጎማው ሳያልቅ ዘመኑ ያልፍበታል። የ911 የኋላ ጎማ ከፊቱ ስለሚሰፋ የፊቱን ወደ ኋላ እየቀያየሩ ማስረዘም አይቻልም፤ ፖርሽ የፈቀዳቸው ጎማዎችም የኤን ምልክት ያለባቸው ሲሆኑ ዋጋቸው ከፍ ይላል።

ከሁሉም በላይ ገዢውን የሚጎዳው ግን የመኪናው ታሪክ ነው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተብሎ የተሠራ መኪና ጠንከር ያለ ማቀዝቀዣና ኤሲ ይዞ ይመጣል፤ በወኪሉ በኩል ስለሚሸጥም መዝገቡ አይጠፋም። ሙስታንግን በዱባይ ወኪል ሆኖ የሚሸጠው አል ታየር ሞተርስ፣ ፖርሽን ደግሞ አል ናቡዳ ነው። ከዚህ ውጪ ያለው ትልቅ ጎርፍ ከአሜሪካ ነው የሚመጣው፦ ተጋጭተው ኢንሹራንስ የጣላቸው ሙስታንጎች በጨረታ ተገዝተው፣ በኮንቴይነር ተጭነው፣ ተቀጥቅጠውና ተቀብተው ለገበያ ይቀርባሉ። ኤርባጉ ባዶ የሆነ፣ ሻንሲው የተጣመመ፣ ፊቱ ግን ያማረ መኪና ማግኘት አይቸግርም። በቪ 6 ወይም ባለ አራት ሲሊንደር ሙስታንግ ላይ ሼልቢ የሚባለውን የኃይለኛውን ሙስታንግ ፓራውልት ገጥሞ እንደ ትልቅ መኪና መሸጥም የታወቀ ነው። መድኃኒቱ ሻንሲ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ከ2015 ወዲህ በተሠሩ ሙስታንጎች ስምንተኛው ፊደል ኤፍ ከሆነ ሞተሩ ባለ 5 ሊትር ቪ 8፣ ኤች ከሆነ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ኤም ከሆነ ቪ 6 ነው። ሻጭ ፓራውልት ሊቀይር ይችላል፤ ይህችን ፊደል ግን ወንጀል ሳይሠራ አይቀይራትም።

በ911 በኩል ደግሞ ኮምፒዩተሩ ራሱ ምስክር ነው። ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ስንት ጊዜ እንደተሽከረከረና መቼ እንደሆነ ይመዘግባል፤ የእጅ ካምቢዮ ባለው መኪና ላይ ነጂው ማርሽ ተሳስቶ ካወረደ ያ ጥፋት ተመዝግቦ ይቀራል። ዱባይ አል ቆዝ ውስጥ በፖርሽ ላይ ብቻ የሚሠሩ ጋራዦች ከግዢ በፊት ይህንን መዝገብ አውጥተው ያሳያሉ፤ ለዚህ ምርመራ ገንዘብ የሚሰስት ሰው 911 ባይገዛ ይሻለዋል። የ1990ዎቹ መጨረሻና የ2000ዎቹ መጀመሪያ 911ዎች በሞተሩ ውስጥ ባለ ኩሽኔታ ችግር የታወቁ ናቸው፤ ርካሽ ሆነው የሚገኙትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 በኤሚሬትስ የጣለው ዝናብ ይህን የመኪና ታሪክ ችግር አባብሶታል። በአገሪቱ መመዝገብ ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ዝናብ ነበር፤ የሻርጃዎቹ አል መጃዝና አል ቃሲሚያ ለቀናት ውኃ ውስጥ ቆይተዋል። ወለላቸው ዝቅ ያሉ የስፖርት መኪኖች ቀድመው ነው የሰጠሙት። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደርቀውና ተጠርገው ወደ ገበያ ተመልሰዋል። በአገሪቱ የተመዘገበ አደጋን በሻንሲ ቁጥር በኢንተርኔት ማየት ይቻላል፤ ባለቤቱ ሳያመለክት ራሱ ያደረቀው መኪና ግን በዚያ አይገኝም። ምንጣፍ ገልጦ፣ የወንበር ሐዲድ ዝገት አይቶ፣ የቀበቶውን ሥር ጎትቶ ጭቃ መፈለግ ነው።

ጥገና በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በግልጽ ያሳያል። ለሙስታንግ የሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ የመለዋወጫ ባሕር ነው፤ ከአሜሪካ ከመጡት መካከል የማይድኑት እዚያ ይበተናሉ፣ በር፣ ፋና፣ ካምቢዮ ይገኛል። የእጅ ዋጋውም ከዱባይ ይቀንሳል። ለ911 ያገለገለ ዕቃ ቢገኝም ምርጫው ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ይታዘዛል። ኢንሹራንስ ሲገቡ በወኪል ጋራዥ ወይስ በሌላ ጋራዥ ይጠገን የሚለው ምርጫ ለሙስታንግ የዋጋ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለ911 ግን የወኪል ጥገናውን መተው ስሕተት ነው። ከአሜሪካ ለገባ መኪና ብዙ ድርጅቶች ሙሉ ኢንሹራንስ መስጠት ይከብዳቸዋል።

ቅያሬው ራሱ ብዙ አያደክምም። የቀድሞው መኪና ቅጣቱ ሁሉ መከፈል አለበት፤ የባንክ ብድር ካለበት ባንኩ ዕዳ የለበትም የሚል ደብዳቤ እስኪሰጥ ስሙ አይዞርም። ሙልኪያ የሚባለው የመኪናው ሊብሬ የሚታደሰው በየዓመቱ ነው፤ ሦስት ዓመት ያለፈው መኪና ምርመራ ማለፍ አለበት። አዲሱን በብድር ለሚገዛ፣ ማዕከላዊ ባንኩ ከ2011 ጀምሮ ብድሩን ከመኪናው ዋጋ 80 በመቶ፣ ጊዜውንም ከ60 ወር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ታርጋውን ለራስ ማስቀረት ይቻላል። ታርጋ በዚያ አገር ራሱን የቻለ ንብረት ነው፤ በ2023 በዱባይ ለበጎ አድራጎት በተካሄደ ጨረታ ፒ 7 የምትባለው ታርጋ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጣለች። በዚያ ገንዘብ ብዙ 911ዎች ይገዛሉ።

መልሶ ሲሸጥ 911 ዋጋውን ከሙስታንግ የተሻለ ይይዛል፤ ይህ ለባሕረ ሰላጤው የተሠራ፣ የጥገና መዝገቡ የተሟላና ያልተጋጨ ከሆነ ነው። ለኢትዮጵያውያን ገዢዎች አንድ ነገር መታከል አለበት። ቀድሞ ከዱባይ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ መላክ የተለመደ ነበር። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ግን ሙስታንጉም ሆነ 911ዱ ተመልሶ የሚሸጠው እዚያው ኤሚሬትስ ውስጥ ነው። ሁሉም ሲደመር፣ በየቀኑ ከሻርጃ ወይም ከአጅማን ዱባይ ለሚመላለስ ሰው ታሪኩ ንጹሕ የሆነ አውቶማቲክ ሙስታንግ ይበቃዋል። ጥላ ያለው ማቆሚያ፣ ሁለተኛ መኪናና ለጥገና የተቀመጠ ገንዘብ ያለው ወደ 911 ቢሻገር አይጸጸትም። ከሁሉ የከፋው ቅያሬ ታሪኩ የታወቀ ሙስታንግ ሸጦ፣ በዚያው ዋጋ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ርካሽ 911 መግዛት ነው።