ባለ ቃጭሉ አሠልጣኝ

በአሜሪካ አገር ሉዊዚያና የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። ጥጥ የሚበቅልበት ሞቃት አገር ነው። በሰሜኑ በኩል ግራምብሊንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ የምናወራችሁ በዚህች ከተማ 57 ዓመት አንድ ሥራ ስለ ሠሩ ሰው ነው። ስማቸው ኤዲ ሮቢንሰን ይባላል። ሥራቸው የኮሌጅ ተማሪዎችን ኳስ ማሠልጠን ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ኳስ ስንል የምታውቁት የእግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ሌላ ነው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። በእጅ ይያዛል፤ ይወረወራል፤ ታቅፈውት ይሮጣሉ። በአንድ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘውን ሰው ተቃራኒዎቹ ይዘው መሬት ላይ ይጥሉታል። ስለዚህ ተጫዋቹ የራስ ቁር ያደርጋል። ሩጫና ትግል አንድ ላይ ናቸው። ጉልበት ብቻ ግን አይበቃም። ማን ወዴት እንደሚሮጥ አስቀድሞ ይጠናል።

ሮቢንሰን የተወለዱት በ1919 ነው። አባታቸው ጢሰኛ ነበሩ። የሰው መሬት ያርሳሉ፤ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላሉ። እናታቸው በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልጨረሱም። ሮቢንሰን ትንሽ ተማሪ ሳሉ አንድ የኳስ አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን አስከትሎ ትምህርት ቤታቸው መጣ። ልጁ ያን ሰው አዩና እኔም እንዲህ እሆናለሁ ብለው ቆረጡ።

በዚያን ዘመን በሉዊዚያና ጥቁርና ነጭ አንድ ትምህርት ቤት አይማርም ነበር። ሕጉ ይከለክላል። ምግብ ቤቱም፣ ሆቴሉም፣ የአውቶቡሱ ወንበርም የተለየ ነው። ሮቢንሰን በጥቁሮች ኮሌጅ ተማሩ። ሲጨርሱ በአሠልጣኝነት የሚቀጥራቸው አጡ። ባቶን ሩዥ በምትባል ከተማ የከብት መኖ በሚፈጭበት ወፍጮ ቤት ገቡ። ደመወዙ በሰዓት 25 ሳንቲም ነበር።

በ1941 የግራምብሊንግ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ፈለገ። ይህን ትምህርት ቤት እነማን ያቋቋሙት ይመስላችኋል? ገበሬዎች ናቸው። ጥቁር ገበሬዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ልጆቻችን ይማሩ፣ አስተማሪ ይላክልን ብለው ጠየቁ። በ1901 ተከፈተ። ሮቢንሰን በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ተቀጠሩ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። እኛ ይህን የምንጽፍላችሁ ልጆችም በዚያው ዕድሜ ላይ ነን፤ ስለዚህ ነገሩ ገርሞናል። ደመወዝተኛ ረዳት እኮ አልነበራቸውም። የሜዳውን ሣር የሚያጭዱት እሳቸው፤ መስመሩን የሚያሰምሩት እሳቸው፤ የተጫዋቹን ቁርጭምጭሚት የሚጠቀልሉት እሳቸው፤ ስለ ጨዋታው ለጋዜጣ የሚጽፉትም እሳቸው። ቡድኑ ራቅ ወዳለ ከተማ ሲሄድ ስንቅ ያዘጋጃሉ። በመንገድ ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቁር አያስገቡማ!

በመጀመሪያው ዓመት 3 ጊዜ አሸነፉ፤ 5 ጊዜ ተሸነፉ። በ1942 ደግሞ 9 ጊዜ ገጠሙ፤ 9ኙንም አሸነፉ። አንድ ነጥብ እንኳ አልተቆጠረባቸውም።

ታዲያ ወዲያው የዓለም ጦርነት ነገሩን አቋረጠው። ወጣቶቹ ዘመቱ። ኮሌጁ ለ2 ዓመት ቡድን አልነበረውም። ሮቢንሰን የከተማውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያዙ። ቡድኑ ለዋንጫ ሲደርስ ጥጥም ደረሰ። የሁለት ወንድማማች ተጫዋቾች አባት ልጆቹን ወደ ጥጥ ለቀማ ወሰዷቸው። እናንተ የምርት ጊዜ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በአባትየው አትፈርዱም። ሮቢንሰንም የጢሰኛ ልጅ ናቸውና አልፈረዱም። ክርክርም አልገጠሙም። ቡድኑን በሙሉ ይዘው እርሻው ውስጥ ገቡ። ጥጡን ለቀሙላቸው። ለቀማው አለቀ፤ ልጆቹም ተመለሱ፤ ዋንጫውንም አገኙ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ኮሌጁ ቡድን ተመለሱ። ሰው አብዝቶ የሚያስታውሳቸው በቃጭል ነው። ከላም አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ዓይነት ቃጭል ነው። ማለዳ ማለዳ እያንቃጨሉ በተጫዋቾቹ መኝታ ቤት ይዞራሉ። ተነሡ፣ ቁርስ ብሉ፣ ክፍል ግቡ ማለታቸው ነው። ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄዱ ልጆቹ ኮትና ከረባት ያደርጋሉ። አብዛኛው ተጫዋች ከኮሌጅ ሲወጣ ኳሱ እዚያው ይቀራል። አብሮት የሚሄደው ትምህርቱ ነው። ከተጫዋቾቻቸው ከመቶው 80 ያህሉ ተመርቀዋል ይባላል። እኛ ከዋንጫው ሁሉ ይህን እናስበልጣለን።

በ1949 ፖል ያንገር የተባለ ተጫዋቻቸው በደመወዝ ወደሚጫወቱት ታላላቅ ቡድኖች ገባ። ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ እዚያ የገባ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሮቢንሰን፣ አንተ ካልሆነልህ በሩ ለሌሎቹም ይዘጋል ብለው አስጠንቅቀውት ነበር። ሆነለት። ከእሱ በኋላ ከ200 በላይ የሮቢንሰን ልጆች በዚያ በር ገቡ።

ግን አንድ የሚያስቸግር ነገር መጣ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የነጮቹ ዩኒቨርስቲዎች ለጥቁር ተጫዋቾች በራቸውን ከፈቱ። ገንዘባቸው ብዙ፣ ሜዳቸው ሰፊ ነው። ጎበዝ ጎበዙ ልጅ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። መለያየቱ መቅረቱ ለልጆቹ ደግ ነገር ነው፤ ለግራምብሊንግ ቡድን ግን ጉዳት ሆነ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሮቢንሰን ማሸነፋቸውን አልተዉም። በ1985 ድላቸው 324 ደረሰ። ፖል ብራያንት የተባሉ ዝነኛ ነጭ አሠልጣኝ ያሸነፉት 323 ጊዜ ነበር። በ1988 ደግሞ ዳግ ዊሊያምስ የተባለ የቀድሞ ተማሪያቸው የዋሽንግተንን ቡድን መርቶ በታላቁ የዋንጫ ጨዋታ ዴንቨርን 42 ለ10 አሸነፈ። የዊሊያምስ ቦታ ጨዋታውን የሚመራው ሰው ቦታ ነው። ጥቁር ለዚያ ቦታ የሚሆን አእምሮ የለውም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። የዚያን ቀን የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግን እሱ ነው።

በመጨረሻ ቡድኑ ደከመ። በ1996 አሸናፊነቱ 3 ጊዜ ብቻ፣ ሽንፈቱ 8 ሆነ። ይበቃዎታል የሚሉ ተነሡ። እኚህን ሰው ማባረር ነውር ነው የሚሉም ተነሡ። አንድ ዓመት ተጨመረላቸው። በ1997 ሲያቆሙ 408 ጊዜ አሸንፈው፣ 165 ጊዜ ተሸንፈው፣ 15 ጊዜ እኩል ወጥተው ነበር። በ1998 ቡድኑን የተረከበው ያው ዳግ ዊሊያምስ ነው።

ከዚያ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። በ1941 ያገቧቸው ባለቤታቸው ዶሪስ አብረዋቸው ነበሩ። ሮቢንሰን በ2007 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው በሉዊዚያና መንግሥት ምክር ቤት አዳራሽ ተቀመጠ፤ ሕዝቡም እየገባ ተሰናበታቸው። ምክር ቤቱ ያለው በባቶን ሩዥ ነው፤ በሰዓት 25 ሳንቲም ይሠሩባት በነበረችው ከተማ።