ከምደባ ወደ ምርጫ፦ የሞርተንሩድ ወላጆች ዩኒቨርሲቲ ሲያማርጡ

ሞርተንሩድ የኦስሎ ቲ-ባነ (የከተማው ሜትሮ) ቁጥር 3 መስመር የመጨረሻ ፌርማታ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1997 እዚህ ከደረሰ ወዲህ ከዚህ የከተማው ደቡባዊ ዳርቻ መሀል ከተማ ለመግባት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሠፈሩ ያለበት ሶንድሬ ኑርድስትራንድ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የስደተኛ ቤተሰብ የሆነበት ክፍለ ከተማ ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ቪደርጎኤንደ (ሁለተኛ ደረጃ) የሚያጠናቅቅ ልጅ ባለበት የሀበሻ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ የት ይግባ?

የወላጅ መልስ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይመጣል። ብሊንደርን፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1811 የተመሠረተ፣ ስሙ የገነነ ነው፤ ዕቁብና ማኅበር ላይ ሲጠየቁም አፍ ሞልቶ ይነገራል። ልጁ ምን ሊማር ነው የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። አብዛኛው ወላጅ ያደገው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በምደባ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ይፈተናል፣ የምርጫ ቅጽ ይሞላል፣ ከዚያ የት እንደደረሰው ይጠብቃል። አዲስ አበባን አንደኛ ያደረገ ልጅ ጅማ ወይም ጎንደር ይደርሰዋል፤ ግቢውን የሚያየውም ሻንጣውን ይዞ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ፣ ለብዙ ተማሪ የመጀመሪያው የካምፓስ ጉብኝት ተፈትሾ ገብቶ ለፈተና መቀመጥ ሆኗል። በዚያ ዙር የማለፊያውን 50 በመቶ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በዚህ ያለፈ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አይቶ ማማረጥ ቅንጦት ቢመስለው አይፈረድበትም።

ኖርዌይም ብትሆን የራሷ ምደባ አላት። ሳሞርድና ኦፕታክ የሚባለው ማዕከል የአገሪቱን ማመልከቻ ሁሉ አንድ ላይ ይቀበላል። ተማሪው እስከ አሥር ምርጫ በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ማመልከቻው ኤፕሪል 15 ይዘጋል። ለአንዳንድ አመልካቾች ቀኑ ማርች 1 ስለሆነ በጊዜ ማጣራት ይገባል። ከ1 እስከ 6 ያለው የውጤት አማካይ በአሥር ተባዝቶ ነጥብ ይሆናል፤ አማካዩ 4.5 የሆነ ልጅ በ45 ይጀምራል፣ ሳይንስና ሒሳብ የወሰደ ይጨመርለታል። የመግቢያ ገደቡን የሚወስነው የዚያ ዓመት አመልካች ብዛትና ውጤት ነው፤ ያለፈው ዓመት ቁጥር ፍንጭ እንጂ ዋስትና አይደለም።

ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት የምርጫው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ከባዱን አንደኛ ላይ መሙላት ሁለተኛውን ያስበላል ብለው ይሰጋሉ። አያስበላም። ልጁ ለአንደኛ ምርጫው ነጥቡ ካልበቃ፣ ለሁለተኛው የሚወዳደረው ያንኑ አንደኛ ካደረገው ልጅ ጋር በእኩል ነጥብ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የልብ ፍላጎት ይሁን። ከኤፕሪል 15 በኋላ አዲስ ምርጫ መጨመር ባይቻልም፣ የተሞሉትን እስከ ጁላይ 1 ማገላበጥ ይፈቀዳል። ለመጎብኘት የሚበቃ ጊዜ አለ ማለት ነው።

ጉብኝቱ ግን ሕንፃ አይቶ መመለስ እንዳይሆን። ነርስ ልትሆን ያሰበች የሞርተንሩድ ልጅ እንውሰድ። ኦስሎሜት እ.ኤ.አ. በ2018 ዩኒቨርሲቲ የተባለ ትልቅ ተቋም ነው፤ ፒሌስትሬደት ያለው ግቢው ከፊሉ የድሮ ቢራ ፋብሪካ ነበር። ሊለስትሮም አካባቢ ደግሞ ሌላ ግቢ አለው። በሌላ በኩል ሎቪሰንበርግ የሚባል ትንሽ ኮሌጅ አለ፤ ሥሩ ካቲንካ ጉልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1868 ከጀመረችው የኖርዌይ የመጀመሪያው የነርሶች ትምህርት ይመዘዛል፣ ጎረቤቱም ሆስፒታል ነው። ዲግሪው በሁሉም ዘንድ ያው የሦስት ዓመት፣ የ180 ክሬዲት ትምህርት ነው፤ ልዩነቱ ያለው ውሎው ላይ ነው።

ከነርስነት ትምህርት ግማሽ ያህሉ የተግባር ልምምድ ነው። ልጅቷ መጠየቅ ያለባትም ይህንኑ ነው፦ ልምምዱ የት ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን ቤት ይደርሳታል? ማን ይመድባል? ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ፈረቃ ለመድረስ ከሞርተንሩድ በስንት ሰዓት መነሳት አለባት? ቅዳሜና እሑድ የምትሠራው ሥራ ካለ ከፈረቃው ጋር ይጋጫል? ተቋማቱ ለጎብኚ በራቸውን በሚከፍቱበት ቀን ከጠረጴዛ ኋላ ቆሞ ብሮሹር የሚያድለው ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች ተማሪ ግን ሳትደብቅ ትነግራለች፤ እሷን ካፍቴሪያ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ሌላም ያልተለመደ መንገድ አለ። በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲዎች የሌክቸር አዳራሽ እንደ ደንቡ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ተራ ማክሰኞ ገብቶ ኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ መምህሩ ምን ያህል ሰው ፊት እንደሚያስተምርና ጥያቄ ሲነሳ እንዴት እንደሚመልስ ማየት ይቻላል። ብሊንደርን የሚለው ስም ራሱ ሁሉንም አይጠቀልልም፦ ሕግ የሚማረው መሀል ከተማ፣ ሕክምና የሚማረው ሆስፒታሉ አካባቢ ጋውስታ ነው። በሞርተንሩዱ ባቡር ብሊንደርን ለመድረስም ማዩርስቱየን ላይ መቀየር ያስፈልጋል።

እቤት ቁጭ ብሎ ማወዳደርም ይቻላል። ስቱዲየባሮሜትር የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ተማሪዎች ለየትምህርታቸው የሰጡትን ግምገማ በየዓመቱ ያወጣል። ከመምህር የሚያገኙትን ምላሽ በሚመለከተው ጥያቄ ላይ ትልቅ ስም ያለው ሁሌ የበላይ አይሆንም፤ ይህን ለወላጅ ማሳየት ክርክሩን ያሳጥራል።

ገንዘቡ ደግሞ የተለየ ስሌት ይፈልጋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኖርዌይ ዜጋ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ ትንሽ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። ኒደለን ላይ እንዳለው ቢአይ ያሉ የግል ኮሌጆች ግን ያስከፍላሉ። የመንግሥት የተማሪዎች ብድር ተቋም የሆነው ሎንካሰን የሚሰጠው ብድር ደግሞ እስከ 40 በመቶው ወደ ስጦታ የሚለወጠው ከወላጆቹ ጋር ለማይኖር ተማሪ ነው። እናት ልጇን እቤት አስቀምጣ ወጪ ቀነስኩ ስትል፣ ልጁ ስጦታውን እያጣ ነው። የኦስሎን የቤት ኪራይ ላየ ሰው ግን እቤት መቆየቱ አሁንም ሊያዋጣ ይችላል፤ ሁለቱን አስልቶ ማየት ነው።

ከከተማው መውጣትም አማራጭ ነው። ኦስ ላይ ያለውን የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያዊ ምሁር ያውቀዋል፤ ከሐዋሳና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለዓመታት አብሮ ሠርቷል። ግብርና ይሰጥበታል ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር አባት እዚያ የእንስሳት ሕክምናም እንደሚሰጥ ሲሰማ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል።

የማመልከቻው መልስ የሚመጣው በጁላይ 20 ገደማ ነው። ልጁ ነጥቡ ከበቃለት ምርጫዎች የበላዩን አንድ ቦታ ብቻ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላሉት ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል። ቦታውን እንደሚፈልግ እስከ ቀነ ገደቡ ካላሳወቀ ያጣዋል፤ በዚያ ሰሞን አገር ቤት ለዕረፍት የሄደ ቤተሰብ ስልኩን ማየት አይርሳ። ምንም ያልደረሰው ደግሞ በዚያው ወቅት የሚወጣውን የክፍት ቦታዎች ዝርዝር ይመልከት፤ እዚያ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይስተናገዳል።